የአያቴ ጎታና የእኛ ጓዳ

እንዴት ሰነበታችሁ ቤተሰቦች! ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። ከኋላዬ የምታዩት ጓዳ የቤታችን ነው። ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ አይቆምበትም። ግን ጤፉ፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ የክረምት ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም እዚችው ውስጥ አለ። ሁሉም ደግሞ ሌላ ዕቃ ሳይነሣ ይወጣል።

እንዴት? መጀመሪያ ስለ ጎታ ላውራ። ጎታን ሳላነሣ ስለ ዕቃ አቀማመጥ ማውራት አይሆንልኝም።

አያቴ ቤት፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ጎታ ነበር። ከጭቃና ከጤፍ ጭድ የተሠራ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ ይቦካል፤ ከዚያ እየደረቀ፣ ዙር በዙር ወደ ላይ ያድጋል። መሬት አይነካም፤ ከሥሩ ድንጋይ አለ። እህሉ በላይ ይገባል። ከታች ደግሞ ቡጢ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ በጨርቅ ተወትፋ። አያቴ ውታፉን ነቀል ታደርግና ቁናዋን ትደቅናለች። ጤፉ ሽርርር ብሎ ይወርዳል። ቁናው ሲሞላ ውታፉ ይመለሳል። አለቀ። ክዳን አልተነሣ፣ ምንም አልተተረማመሰ።

አስተውሉልኝ። በላይ ይገባል፣ በታች ይወጣል። በላይ ይገባል፣ በታች ይወጣል! ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይበላል ማለት ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ወተት የሚደረድሩት ልጆች አሮጌውን ወደ ፊት የሚያመጡት በዚሁ ሕግ ነው። አያቴ ሱፐርማርኬት ገብታ አታውቅም።

እኛስ? አዲሱን ሽሮ ከፊት እናስቀምጣለን። አሮጌው ከኋላ ይረሳል። ለፋሲካ ጓዳ ስናጸዳ፣ ድር አድርቶ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ዋናውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። አዲሱ ከኋላ፣ አሮጌው ከፊት። በየቀኑ የምትነኩት ከወገብ እስከ ዓይን ባለው መደርደሪያ። ከባዱ ታች፣ በዓመት አንዴ የሚፈለገው ላይ። ጆንያ በርብራብ እንጨት ላይ እንጂ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም። ቁምሳጥን ደግሞ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፤ በክረምት ግድግዳው እርጥበት ይይዝና ልብሱን ያሻግተዋል። ይኸው ነው።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ። ባለፈው ስለ ክዳን ሳወራ ብዙዎቻችሁ «እህል መተንፈስ አለበት፣ አጥብቀሽ ከከደንሽው ይሻግታል» አላችሁኝ። ይህን ሳላጠራ አላልፍም፣ ምክንያቱም ስንት እህል የሚጠፋው በዚህ ነው።

ሻጋታውን የሚያመጣው ክዳኑ አይደለም። እርጥበቱ ነው። እርጥብ እህል ከዘጋችሁበት፣ አዎ፣ ይበላሻል። ደረቅ ከሆነ ግን መዘጋቱ ነው የሚጠብቀው። ነቀዝ እንደ እኛው ይተነፍሳል። አየር ሲያጣ መብላቱን ያቆማል፣ መራባቱን ያቆማል፣ ይሞታል። ያ ሦስት ድርብ ጆንያ፣ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ያለበት፣ የሚሠራው በዚህ ነው። ያለ መድኃኒት! ቡሬ ወይ ሜጫ በቆሎ የሚያመርት ዘመድ ያላችሁ ንገሩልኝ። ጤፍስ? ጤፍ ከነቀዝ ያመልጣል። የነቀዝ ትል የሚያድገው ፍሬ ውስጥ ገብቶ ነው፤ የጤፍ ፍሬ ደግሞ አያስገባውም።

«መድረቁን በምን ልወቅ?» በጨው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሩ። ክደኑትና ናጡት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ እዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፣ ወደ ፀሐይ መልሱት። ካልተጣበቀ ክደኑት። አጥብቃችሁ ክደኑት! ይህን ክፍል ለእናቶቻችሁ ላኩላቸው፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አሁን አድርጉ።

ውበቱስ? ፕላስቲክ ዕቃ አልጠላም፤ ለሽሮ እሱን የሚያህል የለም። ሳሎን ላይ ግን አገልግል ይበልጥብኛል። ይህችን እዩልኝ። ውስጧ በሣር የተሰፋ፣ ውጭዋ ቆዳ። ክዳኗ ልክክ ይላል። ይህ ጠፍር የመንገደኛ ስንቅ የሚንጠለጠልበት ነበር። እኔ እዚያው በጠፍሩ፣ በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። ውስጧ ቁልፍ፣ ቻርጀር፣ የመብራት ደረሰኝ። እንግዳ ሲመጣ ጌጥ ናት፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እሷ ውስጥ ነው። «ቁልፌን ያየ?» የሚል ጩኸት ከቤታችን ቀርቷል።

አንድ ነገር ብቻ። ቆዳ እርጥበት ይስባል። ክረምት ላይ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ባዶ አድርጋችሁ፣ ክዳኗን ከፍታችሁ ለፀሐይ ስጧት። ትልቋ የእኛ አገልግል ጠዋት ወጥታ በረንዳው ላይ ናት። ሰማዩ ከጣና በኩል እየጠቆረ ነው፣ ሄጄ ላስገባት።