ብርዱ ሳይበረታ፦ ለደሴ ነዋሪዎች ስለ በጋው ወራት አየር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ አባቶቻችን ሼሆችና ቀሳውስት፣ እናቶቻችን፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለሚመጡት ወራት ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ በጋ ብለው ይተነብዩለታል። በጋ ሲነሳ ደግሞ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ዝናብ ነው። ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ገበሬው ይህን ቢጠይቅ እውነቱን ነው፤ እመለስበታለሁ። ደሴ ከተማ ውስጥ ግን በነዚህ ወራት ቤታችን ድረስ የሚገባብን ብርዱ ነው። አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲሉ ዝም ብለው አይደለም። ጥቅምት ደግሞ ገና መጀመሪያው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ከፊታችን አሉ።

መጀመሪያ የምንኖርበትን ቦታ እንየው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,470 እስከ 2,550 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ደጋ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ነች። ወይና ደጋ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ሀረጎን ስንወርድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀን ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ጠዋት ከደሴ ጃኬቱን ቆልፎ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ጃኬቱ ክንዱ ላይ ነው። «ምሥራቅ አማራ ደረቅና ነፋሻማ ይሆናል» የሚል ትንበያ በሬዲዮ ስትሰሙ ይህን አስታውሱ። ትንበያው ለሰፊ አካባቢ ነው የወጣው። ወደ ሰፈራችሁና ወደ ቤታችሁ የማውረዱ ሥራ የእናንተ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ብርዱ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው «የነፋስ ብርድ ነው» ይላል። ነፋሱ ያባብሰዋል እንጂ ዋናው ምክንያት የጠራው ሰማይ ነው። ቀን ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። ሌሊት መሬቱ ያን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ከላይ ስለሚሸፍነን ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም። በጋ ላይ ያ ሽፋን የለም። አየሩም ደረቅ ነው። ስለዚህ ቀን ወደ 20 ዲግሪ ደርሶ ፀሐዩ ሲያቃጥለን ውሎ፣ ሌሊት ቴርሞሜትሩ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ ይወርዳል። ማታ ወጥታችሁ ሰማዩን እዩት። ኮከቡ ጥርት ብሎ ከታየና ነፋሱም ጸጥ ካለ፣ ንጋቱ ክፉ ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ የተራሮቻችን ነገር አለ። በምዕራብ ጦሳ አለ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ይከብዳል። ስለዚህ ሌሊት ከተራሮቹ ጎን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ይተኛል። ከታች የሚኖሩ ሰዎች «እኛ ጋ ይብሳል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። በጸጥተኛ ሌሊት ሸለቆው ውስጥ ያለ ቤት ከተራራው ወገብ ላይ ካለ ቤት የበለጠ ሊቀዘቅዝ ይችላል። «ከፍ ያለ ቦታ ሁልጊዜ ይበርዳል» የሚለው ሕግ ሌሊት ላይ ይገለበጣል። ፀሐይም ለሁሉም እኩል አትደርስም። በምሥራቁ ተራራ ሥር ያለ ቤት ጠዋት ዘግይታ ትደርስለታለች፣ ከጦሳ ሥር ያለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ትጠልቅበታለች።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኅዳር 12ን ጠብቁ። ኅዳር ሲታጠን ማለት ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገር ያስጨነቀው የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ የቀረ ልማድ ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። በዚያን ዕለት ማለዳ ከፍ ካለ ሰፈር ቁሙና ወደ ከተማው ተመልከቱ። ጭሱ ትንሽ ወደ ላይ ይሄድና ይቆማል። ከዚያ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ይተኛል። ከሥር ቀዝቃዛ አየር አለ፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ከድኖታል። ጭሱ ክዳኑን አልፎ መውጣት አቅቶታል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ እዚያው ነው። የምድጃችን ጭስ፣ የመኪናው ጭስ፣ አቧራው፣ ሁሉም በየማለዳው እንደዚያ ታፍኖ ነው የሚያድረው። አስምና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በነዚህ ወራት ጠዋት ጠዋት የሚቸገሩት አንድም በዚህ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ማለዳ ቆሻሻ የምናቃጥል ሰዎች፣ ልመናዬ ነው፣ ቢቻል እንተወው። ካልተቻለ ረፋዱ ላይ፣ አየሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ይሁን።

የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘገበው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ይህ ሰዓት ለኛ ከተማ ትልቅ ትርጉም አለው። አባቶቻችን ለሱብሂ ሶላት ወደ መስጊድ የሚወጡበት፣ እናቶቻችን ኪዳን ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ሰዓት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሙቅ አልጋ ተነስተው ቀጥታ ወደ ውጭ ባይወጡ ጥሩ ነው። ልብስ ደርበው፣ ራሳቸውን ሸፍነው፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ቆይተው ይውጡ። ለዉዱእ ውሃውን ለብ አድርጎ የሚያቀርብ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ትልቅ ነገር ነው። አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አስጠግቶ፣ ኮፍያ አድርጎለት ማቆየት ከማንኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል። ትንንሽ ልጆች ሲያስላቸው ትንፋሻቸውን ተመልከቱ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያኑ ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደዚህ ያመጣኝን ነገር ልናገር። ከሰል።

እኛ ወሎዎች ቡና እንወዳለን። ማታ ማታ ጎረቤት ተጠርቶ ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ሰው ይሸኛል። ማንደጃው ላይ ግን ፍሙ ገና አለ። መጣሉ ያሳዝናል። ቤቱ ደግሞ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ማንደጃው ተነስቶ ወደ መኝታ ይገባል፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። በሩ ይዘጋል። ነፋስ እንዳይገባ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። ሰው የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

«ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ አይጎዳም» የሚል አባባል አለ። ይህን አባባል ከቤታችሁ አውጡልኝ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ጥርት ብሎ ከቀላው ፍም ይወጣል። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፤ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት ማጣት። ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን እንኳ ሳይሰማው ያልፋል። ለነፍሰ ጡር ሴት ጉዳቱ በሆዷ ላለው ልጅም ነው።

አንድ ምልክት ልብ በሉ። ከሰል ባለበት ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ምግቡን አትጠርጥሩ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉም ሰው ውጭ ይውጣ፣ ማንደጃው ይውጣ። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። ወተት አጠጥቶ፣ ሎሚ አሽትቶ መልሶ ማስተኛት ሰው ያስጨርሳል። የሚያስፈልገው ንጹህ አየርና ኦክስጅን ነው። ራሱን የሳተ ሰው ስታወጡም እናንተ እዚያ ቤት ውስጥ አትቆዩ።

ታዲያ በምን እንሙቅ? ከሰሉን ማታ ስትሞቁት መስኮት ገርበብ ይበል። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ውጭ ይደር፤ በረንዳ ላይም ቢሆን ከመስኮት ራቅ ብሎ። ላስቲክ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ፣ የፈላ ሳይሆን እጅ የሚችለው፣ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ፍራሹ ከሥር ብርድ እንዳያስገባ ካርቶን ወይም ምንጣፍ አንጥፉለት። ቡልኮ ያለው ቡልኮውን ያውጣ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ልብስ አያስጠጋበት፣ እንደበራም አይተኛ።

ግቢያችሁ ውስጥ ሰው ያከራያችሁ ሰዎች ደግሞ ለብቻ የማነጋግራችሁ ጉዳይ አለ። ለትምህርት ወይም ለቀን ሥራ ከገጠር የመጣ ልጅ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። መስኮት የላትም። እዚያው ያበስላል፣ እዚያው ይተኛል። ስለ ከሰል ማንም አልነገረውም፤ ገጠር ያደገበት ቤት ጭሱን በሣሩ ክዳን ያስወጣ ነበር። የሲሚንቶ ክፍሉ አያስወጣም። ንገሩት። ከበሩ በላይ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ክፈቱለት። ወጪው ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ገበሬዎቻችን ልለፍ። ከገራዶ፣ ከቦሩ ሜዳ፣ ከኩታበር የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ለእናንተ ሁለት ነገር ነው የሚያሰጋው። አንዱ ውርጭ ነው። «ትንበያው 3 ዲግሪ ነው ያለው፣ ዜሮ አልደረሰም» ብላችሁ አትዘናጉ። ያ ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሰው ቁመት ግድም በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ ነው። በጠራ ሌሊት ቅጠሉ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ከዚያ በብዙ ይብሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 3 ወይም 4 እያለ ቅጠሉ ውርጭ ሊመታው ይችላል። በመስኖ የያዛችሁት ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ቶሎ ይጎዳል። ውርጭ ይጥላል ብላችሁ የጠረጠራችሁ ዕለት መሬቱን ቀን ላይ አጠጡት። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር የበለጠ ይይዛል። ችግኙን ማታ በሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት፣ ረፋድ ላይ ግለጡት። ዝቅ ያለው ማሳ ቀድሞ እንደሚመታ አትርሱ።

ሁለተኛው ያለጊዜው የሚመጣ ዝናብ ነው። እኛ ከቀይ ባሕር በኩል እርጥበት የሚደርሰን የተራራ ጫፍ ላይ ነን። በበጋ መካከል ሁለት ሦስት ቀን ደመና አዝሎ የሚያካፋው በዚህ ነው። ያ ደመና ሌሊቱን ያሞቀዋል፤ ለከተማው እፎይታ ነው። ማሳ ላይ ለቆመና ውድማ ላይ ለተከመረ እህል ግን ጥፋት ነው። የደረሰውን አታሳድሩት። ክምሩን ሸራ አልብሱት፣ ከሥሩ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይኑረው።

ያው እርጥበት ሀረጎ ላይ ጉም ይሆናል። ሾፌሮች ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁ። ረጅም መብራት ጉም ውስጥ መልሶ ዓይናችሁን ነው የሚመታው። አጭሩን አብሩ፣ ርቀት ጠብቁ፣ አትቅደሙ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ትንበያ አሰማም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በጋ፣ በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት፣ የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» እያለ በመቶኛ ያስቀምጣል። ለምሳሌ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 ቢል፣ «ዘንድሮ አይዘንብም» ማለቱ አይደለም። ከመደበኛ በላይ የመዝነቡ የ20 በመቶ ዕድል ራሱ ክምር ላይ ላለ እህል በቂ ስጋት ነው። ኤልኒኖና ላኒናም ስማቸው ብዙ ይነሳል፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ኤልኒኖ ክረምታችንን እንደሚያዳክም በ2007 ዓ.ም. ክረምት በደንብ አይተነዋል። በጋ ላይ ግን ጠባዩ ይለያል፤ በተለይ ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ ላይ ዝናብ ሊያበዛ ይችላል። ላኒና በአብዛኛው እዚያ ድርቅ ያመጣል። የአራት ወሩ ትንበያ የትኛው ሌሊት ውርጭ እንደሚጥል ሊነግራችሁ አይችልም። ለዚያ የአሥር ቀኑንና የየዕለቱን ተከታተሉ። ስልክ ያላቸው ልጆቻችሁ ማታ ማታ አይተው ይንገሯችሁ።

በረንዳ ላይ የሚያድሩ ልጆችም አሉን። ፒያሳ ስታልፉ ታዩአቸዋላችሁ። ቤታችሁ ትርፍ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ካለ ኅዳር ሳይገባ ስጧቸው። ሠፈር ሠፈር ተደራጅታችሁ ብትሰበስቡ ደግሞ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ዛሬ ስትወጡ በሩ ላይ ስም የሚመዘግቡ ወጣቶች አሉ፤ መስጠት የምትችሉትን ንገሯቸው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።