በነጠላ የተቋጠረ ሙግት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የጥንት ሕጋችን ሲነሳ ሁላችንም ፍትሐ ነገሥትን እንጠራለን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጀ። ከዚያ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። 51 አንቀጽ አለው። ታላቅ መጽሐፍ ነው። ግን ላሙ የጠፋችበት ገበሬ ግዕዝ አያነብም። እሱ ዘንድ ሕግ እንዴት ይደርስ ነበር? እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣሉ እንበል። አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ አላፊ መንገደኛ ይጠራሉ፤ የመንገድ ዳኛ ማለት እሱ ነው። ሰውዬው ጉዳዩን ትቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥላቸዋል። እሱ ካላስማማቸው ነጠላቸው ጫፍና ጫፉ ይቋጠርና ተያይዘው ወደ ሹም ይሄዳሉ። ቁራኛ ይባላል። ፖሊስ የለ፣ መጥሪያ የለ። ተከሳሹን የሚጠብቀው ራሱ ከሳሹ ነው! ባለዕዳና አበዳሪማ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር።

ችሎት ፊት ደግሞ በላ ልበልሃ የሚባል የሙግት ሥርዓት አለ። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ቃሉን እያሳመረ ይሞግታል። «ብረታ ማር፣ ብረታ በቅሎ» እየተባለ ይወራረዱበታል፤ ብሸነፍ ማር፣ ብሸነፍ በቅሎ እሰጣለሁ ማለት ነው። ዛሬ ለጭቅጭቅ የምንለው «እሰጥ አገባ» ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ይሞላል። ሰፈርተኛው ከቦ እየሰማ ሕግ ይማር ነበር። ሆኖም አንደበት ያልሰጠው ሰው እውነቱን ይዞ ይሸነፋል፤ ይህንንም አትርሱ።

ሌባሻይን ግን ማንም እንዲያደንቅልኝ አልፈልግም። ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ደንዝዞ ይሮጣል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። እስቲ ያንን ልጅ አስቡት። ባለቤቱንም አስቡት፤ ምን ብሎ ይከራከራል? ፍትሐ ነገሥት ዳኛ ምስክር ይስማ እያለ፣ መንደሩ በደነዘዘ ሕፃን እግር ይፈርድ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 የቀድሞውን ልማድ ሻረ። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። ሽማግሌ ዛሬም ዛፍ ሥር ይቀመጣል።

ለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክረምት ወደየቤታችሁ ስትገቡ አያቶቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁልኝ። በላ ልበልሃ እንዴት ይባል ነበር? ማን ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ? በስልካችሁ ቅዱት። ያንን የሰሙ ጆሮዎች እያለቁብን ነው።

አመሰግናለሁ።