በአጭር ጉዞ በሚውል አሮጌ መኪና የዘይት መተንፈሻ ላይ የሚቋጠረውን ውሃ እንዴት እንከላከል?

[ምስል፦ የሞተር ዘይት መሙያ ክዳን ተገልብጦ፣ በቅርበት]

ውድ ተመልካቾቻችን፣ በዚህ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ወፍራም ቅባት የሞተር ዘይትና ውሃ ተደባልቀው የፈጠሩት ነው። ሐረር ውስጥ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሸዋ በር ገበያ ደርሶ ተመልሶ በሚቆም አሮጌ መኪና ላይ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ማለዳዎች፣ በብዛት ይታያል። አብዛኞቹ ባለመኪኖች በጨርቅ ጠርገው ይተዉታል። ይሁን እንጂ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ እየጠፋ እስከ ቀጠለ ድረስ ቅባቱ ተመልሶ ይመጣል።

ውሃው የሚመጣው ከራሱ ከነዳጁ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በማርሚታው በኩል ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ከተቃጠለው ጋዝ ጋር በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ፋሻው (የፒስተኑ ማሸጊያ ቀለበት) በተበላ ሞተር ላይ ደግሞ የሚሾልከው ይበዛል። የመተንፈሻው ቱቦ ሥራ ይህንን ጋዝ ተቀብሎ ወደ አየር ማጣሪያው መመለስና እንደገና እንዲቃጠል ማድረግ ነው። ሞተሩ ከሞቀ እንፋሎቱ ሳይቋጠር ያልፋል፤ ካልሞቀ ግን ከምጣድ የተነሣ እንፋሎት አክንባሎው ሥር ጠብታ እንደሚሠራ ሁሉ፣ በቀዝቃዛው የቫልቭ ክዳን (የሞተሩ የላይኛው ሽፋን) እና በቱቦው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል።

[ምስል፦ የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ]

ይህ መርፌ መሃል መድረሱ ዘይቱ ሞቋል ማለት አይደለም። መርፌው የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ሲሆን፣ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ይሞቃል። ጀጎልን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ መኪና ዘይቱ ሳይሞቅ ሊከርም ይችላል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚዘነጋው ጉዳይ እንምጣ፤ እርሱም ቴርሞስታት ነው። ሞተር እንዳይግል በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ምክሩ አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን ቴርሞስታቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋ በር በመሆኑ፣ እርሱ ሲወጣ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እየዞረ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ያው መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነሥቶ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐረር መጥቶ ለአጭር ጉዞ ሲውል ጉዳቱ ይብሳል። በጽኑ የምንመክረው ይህን ነው፤ ሌላ ነገር ከመሞከርዎ በፊት ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፣ ከሌለ ለሞተርዎ የሚስማማውን ያስገቡ። መኪናው ከልክ በላይ የሚግል ከሆነ መፍትሔው የተደፈነውን ራዲያተር ማጽዳት ወይም የውሃ ፓምፑን መጠገን ነው።

ሐረር ውስጥ በታክሲነት ለሚታወቀው ፔጆ 404 አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚያያዝ የማቀዝቀዣ ቬንትሌተር ነበረው። ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ታስሮ ከሆነ፣ ወደ ቀድሞው አሠራሩ መመለስ ዘይቱ ቶሎ እንዲሞቅ ያግዛል።

አነዳድን በተመለከተ፣ ጠዋት ሞተሩን በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ አስነሥቶ ማቆም አይረዳም፤ ዘይቱ በዝግታ ይሞቃል፣ ነዳጁ ደግሞ ይበዛል። ዘይቱ እስኪዘዋወር ጥቂት ጠብቆ ረጋ ብሎ መንዳት ይሻላል። ጉዳዮችን በአንድ ዙር መጨረስም፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ደጋግሞ ከማስነሣት ያድናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ መኪናውን ወደ ሐረማያ ወይም ወደ ባቢሌ መንገድ አውጥቶ ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል። በሐረር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ ዘይቱ 80 ዲግሪን አልፎ ለተወሰነ ጊዜ ከቆየ እርጥበቱ እየተነነ በመተንፈሻው ይወጣል።

[ምስል፦ የመተንፈሻ ቱቦው ተፈትቶ፣ ውስጡ በብርሃን ሲታይ]

ለመውጣት ግን መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ቱቦውን ፈትተው ውስጡን ይመልከቱ፤ የተጋገረ ነገር ካለ በላምባ አጥበው በሚገባ ያድርቁት። በአንዳንድ ሞተሮች ጫፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አለ፤ እርሱም ይታጠብ። ቱቦው መሃሉ ላይ ከረገበ ውሃ ስለሚያጠራቅም፣ ወደ ሞተሩ እንዲያዘነብል አድርጎ ማሰር ተገቢ ነው። መተንፈሻው ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦሊዮ ሲሎች (የዘይት ማገጃ ጎማዎች) በኩል ያስወጣዋል። ቱቦውን ነቅሎ ወደ መሬት መልቀቅም አንመክርም፤ የአካባቢያችን አቧራ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ክዳኑ ላይ ያለው ቅባት የጋርኔሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠል ምልክትም ሊሆን ስለሚችል መለየት ያሻል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰ፣ ክዳኑን ጠርገው ከረጅሙ ጉዞ በኋላ እንደገና ይዩት፤ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ የተቋጠረ እንፋሎት ብቻ ነበር። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ከነጣ፣ መጠኑም ከጨመረ፣ ወይም ውሃው ወደ ውጭ ሳይፈስ ከጎደለ ግን መኪናውን ሳያስነሡ ለመካኒክ ያሳዩ።

የዘይት ለውጥንም በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር አይበቃም። ዘይት ውስጥ የሰነበተ ውሃ ከቃጠሎ ተረፈ ምርቶች ጋር ተዋሕዶ አሲድ ስለሚፈጥርና ብረቱን ስለሚበላ፣ ብዙ አምራቾች አጭር ጉዞን ከከባድ አገልግሎት ይቆጥሩታል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ቢያንስ በየ6 ወሩ ይለውጡ፤ የሚያፈስሱትም ከረጅም ጉዞ ሲመለሱ፣ ዘይቱ ትኩስ ሆኖ ዝቃጩን ይዞ በሚወጣበት ሰዓት ይሁን።