ጥላ የሚጠፋባት ቀን፦ መሬትን ከጓደኛ ጋር መለካት

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የሚያዝያ 27 ሐውልት ከሥሩ ወደ ላይ ሲታይ። የታክሲና የሰው ድምፅ።]

አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ጥላውን ያጣል። የመብራት ምሰሶው፣ የአጥር ብረቱ፣ ይሄ ሐውልት። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው እንኳን ከጫማው ዙሪያ ትንሽ ነገር ብቻ ነው የሚቀረው፤ እሷም ትከሻ ስላለው ነው።

አንደኛው ቀን ሚያዝያ 5 ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 23 እና 24 አካባቢ ይውላል። ሰዓቱም ይታወቃል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ።

እኔ እዚሁ አራት ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ስለዚህች ቀን በካፌው ወረፋ ላይ ስናወራ ብዙ ሰው "ውይ፣ እውነት?" ይላል። ፈተና ላይ አይመጣማ። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ደግሞ እኛ ግቢ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው።

[ምስል፦ የመሬት ሥዕል፣ የምድር ወገብ መስመር፣ አዲስ አበባ በነጥብ]

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። መሬት ዘመም ብላ ስለምትዞር፣ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ የምትውልበት ቦታ በዓመቱ ውስጥ ይመላለሳል፤ ከደቡብ 23 ዲግሪ ተኩል እስከ ሰሜን 23 ዲግሪ ተኩል። ወደ ሰሜን ስትሄድ በእኛ አናት ታልፋለች። ስትመለስም እንደዚሁ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሜትር እንጨት ብታቆሙ፣ ቀትር ላይ ጥላው 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይተኛል፤ ከዚህ አደባባይ ቢታይ ወደ ስድስት ኪሎ በኩል። ሰኔ ላይ ግን ተገልብጦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል ይዞራል፤ ቁመቱም 26 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የአርበኞች ቀን ሲከበር፣ ሚያዝያ 27፣ የዚህ ሐውልት የቀትር ጥላ ዞሮ አልቋል። የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ጥላ ማን ያያል፣ እኔ ግን አያለሁ።

ሰዓቱ ለምን 6 ሰዓት ላይ አልሆነም? የሀገራችን ሰዓት የተሰላው አዲስ አበባ ላይ ሆኖ አይደለም። በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፤ ያ መስመር የሚያልፈው በኦጋዴን በኩል ነው። እኛ ያለነው 38 ዲግሪ ከሦስት አራተኛ ላይ ነው። ፀሐይ አንዷን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ልዩነቱን አባዙት፤ 25 ደቂቃ ይመጣል። ስልካችሁ "6፡00" ሲላችሁ ፀሐይ ገና መንገድ ላይ ናት።

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ፣ የሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ እንጨት። ጥላው እያጠረ ይሄዳል፤ ይጠፋል።]

እሺ። ጥላው ጠፋ። ከዚያስ?

ከዚያ ምንም። እዚህ ብቻዬን ቆሜ ጥላ ስላጣሁ ስለ መሬት የማውቀው ነገር የለም። ፀሐይ አናቴ ላይ እንደሆነች አወቅሁ፤ በቃ። ፊዚክስ ብቸኛ ሰው ክፍሉን ዘግቶ የሚሠራው ነገር ይመስላቸዋል ብዙዎች። ይሄ ልኬት ግን ብቻውን ለቆመ ሰው መልስ የለውም። ሌላ ቦታ የቆመ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ የምታምኑት መሆን አለበት።

ኤራቶስቴንስ የሚባለው የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰዬን፣ የዛሬዋ አስዋን ውስጥ፣ ሰኔ ላይ ቀኑ በጣም በሚረዝምበት ዕለት፣ ፀሐይ እስከ ጉድጓድ ውሃ ድረስ ትገባለች ሲባል ሰማ። እስክንድርያ ላይ ግን በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ጥላ አለ። የጥላውን ማዕዘን ለካ፤ የክብ 50ኛ እጅ ሆነ። ፀሐይ በጣም ሩቅ ናት፣ ጨረሯ ለሁለቱም ከተሞች በአንድ አቅጣጫ ይመጣል ካልን፣ በመካከላቸው ያለው መሬትም የዙሪያው 50ኛ እጅ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታዲያ (የጥንት የርቀት መለኪያ) ነው ይባል ስለነበር በ50 አባዛው፤ የመሬት ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ወጣለት። ሁሉም ሰው የሚያደንቀው እሱን ነው። እኔ የሚገርመኝ የጉድጓዱ ወሬ ነው። ሰዎች አይተው ያወሩትን እሱ አምኖ ባይቀበል ኖሮ፣ የሚያባዛው ቁጥር አይኖረውም ነበር።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ቀጥ ያለ መስመር።]

የእኔ ሰዬን መቀሌ ናት። የዶርም ጓደኛዬ የነበረ ልጅ አሁን እዚያ ነው ያለው። መቀሌ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በስተ ሰሜን ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት። ቀትር እዚያ የሚሆነው ከእኛ 3 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። ርቀቱ ደግሞ፣ በመኪና መንገድ ሳይሆን በአየር፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ቁመት ያለው እንጨት፣ ሜትር፣ ጠመኔ። ወለሉ በውሃ ልክ፣ እንጨቱ በቱምቢ መታየት አለበት። ቱምቢውን ግቢው አጠገብ ሕንፃ ከሚሠሩ ግንበኞች ተዋስኩ። "ለምንድነው?" አሉኝ። "መሬትን ልለካበት" አልኳቸው። "ስንት ካሬ ነው?" አለኝ አንደኛው፤ የምሩን ነው።

እንዴት ይለካል? ሰዓት አያስፈልግም። ከቀትር በፊት ጀምራችሁ በየጥቂት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጥላው እያጠረ ይሄዳል፤ ከዚያ መልሶ መርዘም ይጀምራል። በጣም አጭሩ የቀትሩ ነው።

[ምስል፦ የቴሌግራም መልእክት ስክሪን። የጥላ ፎቶ፣ ከጎኑ ሜትር።]

ያን ቀን እዚህ የእኔ እንጨት ጥላ አልነበረውም። ከመቀሌ ፎቶ መጣ። 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ከፎቶው በታች፦ "እናንተ አዲስ አበቤዎች ጥላም ጨርሳችሁ በላችሁ?"

አሁን ስሌቱ። 7.5 ለ100 ሲካፈል 0.075 ነው፤ በካልኩሌተር ወደ ማዕዘን ሲቀየር (tan⁻¹) 4.3 ዲግሪ ይሆናል። ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ነው። 360 ለ4.3 ሲካፈል 84 ገደማ። 84 ጊዜ 500 ኪሎ ሜትር፣ 42,000 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው የመሬት ዙሪያ ከዋልታ በዋልታ ሲዞር 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ እንጨትና በአንድ ጓደኛ ምንም አይልም።

ግን ያቺ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወሳኝ ናት። ጥላው 8 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው ትክክለኛው። 7 ብሎ ያነበበ ሰው መሬትን 45,000 ያደርጋታል። 9 ያለ 35,000። የመሬት ሩብ በአንዲት ጣት ውፍረት ውስጥ ትገባለች ማለት ነው። የእጅ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ የአንድ ሜትር እንጨት የጥላ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ይደበዝዛል። የት እንዳለቀ በዓይን መወሰን አይቻልም፤ በስልክ ብንጨቃጨቅ እንጂ። ተጨቃጭቀናልም።

መፍትሔው ጥላውን መተው ነው። ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ካርቶን አጋድሙና በመርፌ ቀዳዳ ብሱ። ወለሉ ላይ ትንሽ ክብ ብርሃን ታገኛላችሁ። እሷ የፀሐይ ምስል ናት። የክቧን መሃል መለካት የደበዘዘ ጫፍ ከመፈለግ በብዙ ይሻላል። ዛፍ ሥር የምታዩአቸው ክብ ክብ ብርሃኖችም የዚህ ዘመዶች ናቸው፤ በቅጠሎቹ ክፍተት የገቡ የፀሐይ ምስሎች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሆነችበት ዕለት፣ እዚህ አዲስ አበባ ዛፍ ሥር ያያችሁ ካላችሁ፣ ክቦቹ ሁሉ ተቆርጠው ነበር።

[ምስል፦ ባዶ ገጽ፤ ተራኪው ካሜራውን እያየ]

እዚህ ላይ ቪዲዮውን ልጨርስ ነበር። አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ጓደኛዬ ነው ያነሳው። የፊዚክስ ተማሪ አይደለም፤ አካውንቲንግ ነው ያጠናው። "መሬት ጠፍጣፋ ብትሆንስ?" አለኝ። ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ልክ ነው።

ማታ የመንገድ መብራት ሥር አስቡ። ከሥሩ የቆመ ሰው ጥላ የለውም፤ ራቅ ያለው ጥላ አለው። አስፋልቱ ግን ጠፍጣፋ ነው። ጥላው የመጣው መብራቱ ቅርብ ስለሆነ ነው። ፀሐይም እንደዚያ ቅርብ ብትሆንስ? ስሌቱ ይሠራል። 500 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሜትሩ እንጨት ትክክለኛውን 7.8 ሳንቲ ሜትር ጥላ ከጣለ፣ ፀሐይ ከጠፍጣፋ መሬት በላይ 6,400 ኪሎ ሜትር ላይ ተንጠልጥላለች ማለት ነው። ይቺ ቁጥር ደግሞ ከመሬት እምብርት እስከ ገጽዋ ያለው ርቀት ራሷ ናት። በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱን ልኬት በሁለት መንገድ ስላነበብነው ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይዘን የቱ ንባብ እውነት እንደሆነ መለየት አንችልም።

[ምስል፦ ካርታው ወደ ሰሜን ይንሸራተታል፤ ቀይ ባሕር፣ ጥቁር ባሕር፣ ሞስኮ]

ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሩቅ። ሞስኮ በጣም ጥሩ ናት፤ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ቀጥ ብላ ማለት ይቻላል፣ 55 ዲግሪ ከሦስት አራተኛ ላይ። ሰዓቷም ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የፀሐይ ቀትሯ 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚዘገየው። እዚያ የምትማር የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛ አለችን።

መጀመሪያ ሁለቱን ትንቢት ጽፈን አስቀመጥን። አዲስ አበባ ላይ ጥላ በሚጠፋበት ቀን፣ መሬት ክብ ከሆነች ሞስኮ ላይ የአንድ ሜትር እንጨት የቀትር ጥላ 1 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መሬት ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ከሆነች 81 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ልዩነቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። የጫፉ መደብዘዝ ሊደብቀው አይችልም።

ልጅቷ ምን እየጠበቅን እንደሆነ አልነገርናትም። ይሄ የእኔ አቋም ነው፤ ጓደኛ ስለሆነች የምንፈልገውን ቁጥር ልታመጣልን ትችላለችና። በድምፅ መልእክት መለሰች፤ ብርዱን እየሰደበች፦ "ከሜትር ያልፋል። ሜትሩ አልበቃኝም፣ ቀጥዬ ነው የለካሁት። አንድ ሜትር ከአምስት በሉት።"

የአካውንቲንጉ ልጅ፦ "እሺ፣ ክብ ናት" ብሎ ጻፈ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ላከ። "በጦርነቱ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይሄን ማን ይልክልህ ነበር?" ያኔ እሱ መቀሌ ነበር፤ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ። የዚያች ቀን ጥላ ያን ጊዜም መቀሌ ላይ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ይተኛ ነበር፤ ቁጥሩን እዚህ የሚያደርስ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

[ምስል፦ ሦስቱ ጥላዎች ጎን ለጎን፣ ቁጥራቸው ከታች]

መሞከር ለምትፈልጉ። ሁለቱም ቀኖች ደመናማ ናቸው፤ ሚያዝያ በልግ ነው፣ ነሐሴ ክረምት ነው። የፀሐይ ቀልድ ነው የምለው እኔ። ግን የግድ ያቺን ቀን መጠበቅ የለባችሁም። ጥር ላይ፣ ሰማይ ጥርት ባለበት ሰሞን፣ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ለኩ። አዲስ አበባም ጥላ ይኖራል፤ ሁለቱን ማዕዘን ቀንሱ። ልዩነቱ ያው 4.5 ዲግሪ ገደማ ነው።

መቀሌ ሰው ከሌላችሁ ሞያሌም ይሆናል። በስተ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር አለፍ ትላለች በአየር። ሚያዝያ 5 ላይ የአንድ ሜትር እንጨት እዚያ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ ግን ወደ ደቡብ ነው። የሁለቱ ከተሞች ጥላ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ማዕዘኖቹን ቀንሱ፤ ወደ ተቃራኒ ከሆነ ደምሩ። ስለዚህ ዘመዳችሁ ሲደውል ቁመቱን ብቻ ተቀብላችሁ ስልኩን እንዳትዘጉ። "ወዴት ነው የወደቀው?" በሉት።