ዓሣው የሚወለደው ወንዝ ውስጥ ነው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የጣና ዓሣ አስጋሪዎች፣ ከጉና ሥርና ከፎገራ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ ስለ ሐይቁ ብዙ አላወራም። እምቦጭ ከመጣ ወዲህ የሁሉም ዓይን ሐይቁ ላይ ነው። ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል፤ ምስጋና ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ ወደ ሐይቁ ስለሚገቡት ወንዞች፣ ስለ ጉማራ፣ ስለ ርብ፣ ስለ መገጭና ስለ ግልገል አባይ ነው የምናገረው።

ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት፣ ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የሉም። የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ለይቶ ለብቻቸው አኖራቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ እንዲህ ያለ የዓሣ ሀብት ነበረው። ከውጭ የገባ ዓሣ ጨረሰው። ስለዚህ የእኛ ቢጠፋ ከየትም አምጥተን አንተካውም።

ቆሮሶ የሚባለው ሌላው ዓሣ እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል። ከነጭ ዓሣ ግን ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ፣ የሚፈስ ውኃና ጠጠር ነው። እንቁላላቸውን ጠጠሩ መሃል ይጥላሉ። ደለል ከተጫነው ታፍኖ ይቀራል። ጠጠሩን ለግንባታ በመኪና ጭነን ከወሰድነው ደግሞ መጣያም የላቸውም።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ዓሣው ሊወልድ ሲሰበሰብ ጠብቀን ወንዙ አፍ ላይ መረብ እንዘረጋለን። ከፍ ብሎ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ይጨመራል። ብርብራ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰዋል። ልብ በሉ፤ ያኔ እምቦጭ ጣና ላይ አልታየም።

ዓሣ አስጋሪውን «መረብህን ሰብስብ» ማለት ቀላል ነው። ልጆቹ ምን ይብሉ? ደግሞስ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው እንዴ? ጉና ላይ እርከን ካልተሠራ አፈሩ ጠጠሩን ይቀብረዋል። በበጋ ፓምፑ ጉማራን ካደረቀው ጫጩቱ ኩሬ ውስጥ ያልቃል። ሩዝና ሽንኩርት ስንት ቤት እንዳቆመ አውቃለሁ፤ መስኖ ይቅር አልልም። ግን ውኃው ጨርሶ እስኪቆም አይጠለፍ። ደንገሉም ይከበር። የወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ ይሠሩበታል፤ ከወንዝ የወረደው ጫጩትም የሐይቁ ዳር ሣርና ደንገል ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በእጃችን አለ። የጎደለው ወንዙ ዳር የሚቆም ሰው ነው። ስለዚህ ቦርዱ ይህን ያቀርባል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን። ጥበቃውን አስጋሪና አርሶ አደር በተራ ይያዙት። በእነዚያ ወራት ገቢው ለሚቋረጥበት አባል ከማኅበሩ ቁጠባ ያለ ወለድ ብድር ይሰጠው። ገንዘቡ የሁላችንም ስለሆነ በዚህ ላይ በግልጽ ተከራከሩ፤ ቅር ያለው ሰው ዝም ብሎ አይውጣ።

መድረኩን በመጀመሪያ የምሰጠው ከላይ፣ ከጉማራ መነሻ ለመጡት አባቶችና እናቶች ነው። እነሱ ካልተስማሙ ታች የምንወስነው ሁሉ ዋጋ የለውም። ጉባኤው ተከፍቷል።