ጃዝ በሚፈጠርበት ሰዓት እንገኝ
በአዲስ አበባ የቀጥታ የጃዝ ምሽቶች መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚቃ ወዳጆች፣ ውድ ሙዚቀኞቻችን፤

እንኳን ደህና መጣችሁ። ጾሙ ተፈትቷል፤ ለሳምንታት ጸጥ ብለው የቆዩት የከተማችን መድረኮች እንደገና ተከፍተዋል። ከዛሬ ምሽት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በአዲስ አበባ የጃዝ ምሽቶች ተራ በተራ ይቀርባሉ። ወሩ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳለፈው ውሳኔ ሚያዝያ 22 ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ፕሮግራሙ በእጃችሁ ስለሆነ አልዘረዝረውም። የቆምኩት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፤ በአካል ኑልን።

የእኛ ጃዝ ዓለምን ዞሯል። የ1960ዎቹ ሸክላዎቻችን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ በተከታታይ መታተም ከጀመሩ ወዲህ፣ አዲስ አበባን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የትዝታን ዜማ ለይቶ ያንጎራጉራል። በዚህ እኮራለሁ። ግን ደግሞ ያሳስበኛል። ያ ሙዚቃ በተወለደበት ከተማ የምንኖር ሰዎች በስልካችን ብቻ የምንሰማው፣ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያለቀ ነገር አድርገን መቁጠር ጀምረናል።

ጃዝ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው የሚሉ አሉ። መሣሪያዎቹስ እውነት ነው፣ ከውጭ መጥተዋል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ የነሐስ ባንድ ሆነው በዚህች ከተማ ተጫወቱ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት የእኛን ቅኝቶች ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ ኖሩ። የጃዝ ነፍስ ግን ሌላ ነው። ከጎንህ ያለው ሰው በሰጠህ ነገር ላይ ወዲያውኑ፣ ሳታመነታ፣ የራስህን መጨመር ነው። ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረንም። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሰጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዝማሪው ስንኙን ከአፋችን ነጥቆ፣ በማሲንቆው አዙሮ፣ ያላሰብነውን ጨምሮ ይመልስልናል። ነገ ማታ ያንኑ ስንኝ ብትሰጡት ሌላ ነገር ይዞላችሁ ይመጣል።

አርቲስት ጌታቸው መኩሪያ ያደረጉትን አስቡ። አርበኛ ጎራዴውን እየሰበቀ የሚያቅራራውን ሽለላ በሳክስፎን ነፉት። በውጭ አገር የሰሟቸው ሰዎች ድምፃቸውን የተለመደውን የኅብርና የምት ሕግ ከማይከተለው የአሜሪካ «ፍሪ ጃዝ» ጋር ያነጻጽሩታል፤ እርሳቸው ግን የቀዱት ከፉከራና ከቀረርቶ ነው።

ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄም ጅማ ተወልደው፣ ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ ዌልስ ተልከው፣ ሙዚቃን መርጠው በለንደንና በቦስተን ከተማሩ በኋላ ተመልሰው የያዙት ፈተና ቀላል አልነበረም። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው የቆሙት በአምስት ድምፅ ነው። ጃዝ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች እያነባበረ የሚሠራ ሙዚቃ ነው። ከአምስቱ ሥር ያልተገባ ድምፅ ከገባ ቅኝቱ ይደበዝዛል፤ አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። የእርሳቸው ጥበብ ቅኝቱ ሳይጠፋ ኅብሩ እንዲሰፋ ማድረጋቸው ነው።

ይህ ጥንቃቄ መድረክ ላይ በየቅጽበቱ እንደ አዲስ ይፈተናል። ዛሬ ማታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ያልተጠበቀ ድምፅ ሲያስገባ ሳክስፎኑ ይከተለዋል ወይስ ወደ ቅኝቱ ይመልሰዋል? ቤዝ ተጫዋቹ ምቱን ከመቀየሩ በፊት ድራመሩን በዓይኑ ይጠይቀዋል። የተሳሳተ የመሰለ ድምፅ በሁለተኛው ዙር ተደግሞ የዜማው አካል ሲሆን ታያላችሁ። ቀረጻ የሚያስቀምጥልን ከብዙ ምሽቶች የአንዱን ውጤት ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ የሚገኙት በቦታው ለተገኘ ሰው ነው።

እነዚህ ምሽቶች ደግሞ በቀላሉ የሚገኙ አልነበሩም። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራቸውን ይዘው አዲስ አበባ የመጡት በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊው አዋጅ የከተማዋን ሌሊት ዘጋው። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መውጣት የተከለከለው ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው አብሯቸው ያድር እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ይናገራሉ። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ መድረክ ሲመለሱ እጃቸው አልከዳቸውም። ለሙዚቃ እንዲህ የታመነ ሰው ሳስብ፣ ከቤት ወጥቶ አንድ ምሽት መስማት ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ይታየኛል።

በእኛም ጊዜ ሙዚቃ የሚቀርብባቸው ቤቶች ጠፍተዋል። በጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዛምባ መድረክ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ወድሟል። ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከኖረበት ከካዛንቺስ ተነሥቷል። ቤት ሲጠፋ ባንድ ይበተናል፤ ባንድ ሲበተን ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት ከታላላቆቹ አጠገብ ቆሞ የሚማርበት ቦታ ያጣል። ክፍል ውስጥ ኖታ ይማራል። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚማረው ግን መድረክ ላይ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ዝርዝር አለው። የመግቢያውን ዋጋ ክፈሉ፤ ሙዚቀኛ ብታውቁም በነጻ አስገባኝ አትበሉት። በር ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአምስትና ለስድስት ሙዚቀኞች፣ ለድምፅ ባለሙያው፣ መሣሪያ ላመላለሰው መኪና ይከፋፈላል። የቤዝ ሶሎ፣ ቤዙ ጎልቶ ለብቻው የሚጫወትበት ክፍል፣ ሲጀምር ወሬ አትጀምሩ፤ ድምፁ ዝቅ ያለው ሙዚቃው ስላለቀ አይደለም። ስልካችሁን ለአንድ ዜማ አውጡት፣ ለቀሪው መልሱት። ሶሎው ደስ ካሰኛችሁ መጨረሻውን ሳትጠብቁ አጨብጭቡ፤ ሙዚቀኛው ያንን ሰምቶ ይቀጥላል፣ ቀጣዩም ከፍ አድርጎ ይጀምራል። የምታውቁትን ዘፈን ካልተጫወቱልን ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ያላወቃችሁትን ይጫወቱላችሁ።

ሙዚቃ የሚቀርብባቸው ቤቶች ባለቤቶችም እዚህ አላችሁ። ከሳምንቱ አንድ ምሽት፣ ቅዳሜ ባይሆንም እንኳ፣ ለጃዝ ስጡ፤ ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ ሰው አልመጣም ብላችሁ አትዝጉ። ታዳሚ ቀኑን እስኪለምድ ጊዜ ይወስድበታል።

ልጆቻችሁንም አምጡ። ቪብራፎን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሁለት ዘንግ በእያንዳንዱ እጁ የያዘ ሰው በብረቶቹ ላይ አንቺሆዬን ሲያወጣ ከፊት ወንበር ይየው።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አጭር እረፍት አለ። ሙዚቀኞቹ እዚሁ ይሆናሉ፤ ቅረቧቸው፣ ጠይቋቸው። ድራመሩ ቦታውን ይዟል፤ እኔም መድረኩን ለባለቤቶቹ እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።