ዓሣ የሚያልቀው ገና ዕንቁላል ሳለ ነው፦ ከውቅያኖስ እስከ ጣና

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ማለዳ። አጥማጆች ዓሣ ያወርዳሉ፤ ፔሊካኖች የሚጣለውን ሆድቃ ይጠብቃሉ።)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። «ዓሣ ጠፋ» ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ መረቡ ነው። ብዙ ተጠመደ፣ አለቀ እንላለን። ይህ እውነትነት አለው። ውኃው ራሱ ሲለወጥ ግን ዓሣው መረብ የሚባል ነገር ሳያይ፣ ገና ዕንቁላል ወይም ጫጩት ሳለ ያልቃል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በጥራት የታየው በውቅያኖስ ዳርቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ወደዚያ እንሂድና ወደ ጣና እንመለሳለን።

ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ስናቃጥል ወደ አየር ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይወስደዋል። ጋዙ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይሆናል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የውቅያኖስ ገጽ አሲዳማነት በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳና መሰሎቹ ደግሞ ዛጎላቸውን የሚሠሩት ካርቦኔት ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ አሲዱ ይህንን ይሻማቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት፣ ኔታርትስ በተባለ ባሕረ ሰላጤ ዳር በሚገኝ የኦይስተር ማስፈልፈያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እጮች ሞቱ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ባክቴሪያ ነበር። በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ሲገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውኃ ይወጣል፤ ማስፈልፈያውም የሚቀዳው ያንን ነው። ኦይስተር በተፈጠረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ዛጎል ማብቀል አለበት። በዚያ ጊዜ መብላት አይችልም፤ ያለው ከዕንቁላሉ የወረሰው ስንቅ ብቻ ነው። ውኃው አሲድ ሲበዛበት ዛጎል መሥራቱ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ስንቁም መንገድ ላይ ያልቃል። ባለማስፈልፈያዎቹ የውኃውን ባሕርይ በየሰዓቱ መለካትና አሲዱን የሚያበርድ ሶዳ እየጨመሩ ማስተካከል ጀመሩ፤ ሥራቸውም ተረፈ። ይህ መፍትሔ ግን የሚሠራው በገንዳ ውስጥ ነው። በሜዳው ውቅያኖስ ላይ ሶዳ የሚጨምር የለም።

ሙቀትም የራሱ ጉዳት አለው። አላስካ አቅራቢያ በቤሪንግ ባሕር ውኃው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ከልክ በላይ ሞቀ። ሙቀት የእንስሳውን የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምር ከ10 ቢሊዮን በላይ የበረዶ ሸርጣኖች ጠፉ፤ ዋናው ምክንያት ረሃብ እንደነበረ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ማጥመዱ ተዘጋ። ገቢያቸው በዚህ ሸርጣን ላይ የቆመ የደሴት መንደሮች በአንድ ወቅት ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

(ምስል፦ የጣና ካርታ፤ ገባር ወንዞቹ አንድ በአንድ ይበራሉ።)

አሁን ወደ ቤታችን። በጣና ኦይስተር የለም፤ የአሲዱ ታሪክም የውቅያኖስ ነው። የሙቀቱና የኦክስጅን ነገር ግን እኛንም ይመለከታል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ጨው አልባ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በጣና ከፍታ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ነው። ዓሣዎቻችን ሲጀመርም ትርፍ የላቸውም ማለት ነው።

ይህ በብርቱ የሚነካው ባሕር ዳር ላይ ነጭ ዓሣ የምንለውን ነው። በሳይንስ ስሙ ላቤዎባርበስ ይባላል። በጣና 17 ያህል ዝርያዎቹ ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ወደ 40 ሜትር የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለከለከለ፣ እዚሁ ብቻቸውን በዙ፣ ተለያዩም።

ብዙዎቹ ዝርያዎች ዕንቁላላቸውን ሐይቅ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጥርት ያለ፣ የሚሮጥ ውኃና ንጹሕ ጠጠር ነው። ዕንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ይገባል፤ በዚያ ክፍተት የሚያልፈው ውኃ ኦክስጅን ያመላልስለታል። ከተራቆተ ተራራና ከታረሰ ተዳፋት የወረደ ደለል ክፍተቱን ሲደፍነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ሲዛቅ ደግሞ መራቢያው ራሱ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። በላይኛው የወንዙ ክፍል ግድብ ሲሠራ መንገዱ ይዘጋል። ከዚህ ሁሉ ጋር በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ የሚያዘውም ሆዱ ዕንቁላል የሞላ ዓሣ ነው።

በሞተር ጀልባና በመረብ ማጥመድ በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገ ክትትል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ወደ 75 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን አሳየ። የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም ባሰ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ትልልቁ ዓሣ ቢጠመድ ጫጩት ይተካዋል፣ ጫጩቱ ሲጠፋ ግን ምን ይተካዋል?

(ምስል፦ ታንኳ በእምቦጭ መካከል።)

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው እምቦጭ አረም የሁላችንንም ትኩረት ወስዷል፤ ይገባዋልም። ብርሃን ይጋርዳል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። አምባዛ ከአየር መተንፈስ የሚያስችል አካል ስላለው እንዲህ ያለውን ውኃ በተሻለ ይቋቋማል፤ ሌሎቹ አይችሉም። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ሰዎችና ሌሎች አጥማጆች አረሙን ጥሰው ማለፍ ይቸግራቸዋል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገልም በዳርቻው እየሳሳ ነው። ቢሆንም እምቦጭ በዓይን ስለሚታይ ዘመቻ ይወጣለታል፤ በጉማራ ጠጠር ውስጥ ለሚታፈነው ዕንቁላል ግን የሚወጣ ዘመቻ አላየሁም። ይህ ያንገበግበኛል።

ሕግ የለም ማለት አይደለም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የወንዞቹ አፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከመረብ ነጻ ይሁን ሲባል የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አጥማጁ በእነዚያ ወራት ልጆቹን ምን ያብላ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያለ መልስ የሚጣል ክልከላም በሌሊት ይጣሳል። በእኔ እምነት ለአጥማጆቹ ራሳቸው ገንዘብ ተከፍሏቸው የወንዙን አፍ ቢጠብቁ ይሻላል። ዓሣው ከየትኛው ጎርፍ በኋላ እንደሚወጣና መረብ የሚሰወርበትን ጥግ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።